በበር ብርሃን ፖርትሬት ማንሳት፦ አያቴን ይሁዳ ካስመሰልኩ በኋላ የተማርኩት

ባህር ዳር ፎቶግራፍ መማር ከጀመርኩ ሰባት ወር ሊሞላኝ ነው። አስተማሪያችን በየሳምንቱ አሳይመንት ይሰጠናል፣ አንዱ ሳምንት ፖርትሬት (የሰው ፊት ፎቶ ማለት ነው) ሌላው ኮምፖዚሽን (ፎቶው ውስጥ ምን የት ይቀመጥ የሚለው)፣ እኔ ደግሞ ሞዴል የሚሆነኝ ሰው ከተማ ውስጥ ስለሌለኝ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ አዴት አያቴ ጋ እሄዳለሁ። አያቴ ታጋሽ ናት፣ ተቀመጪ ስትባል ትቀመጣለች፣ ግን ዝም አትልም። ክፍል ውስጥ የተማርኩትን እና እሷ የነገረችኝን አንድ ላይ አድርጌ ነው እዚህ የምጽፈው። ስልክ ብቻ ላለውም ካሜራ ላለውም ይሆናል።

መጀመሪያ ግን የመጀመሪያውን ቀን ጉድ ልንገራችሁ። አሳይመንቱ የጎን ብርሃን ነበር፣ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ይመጣና ግማሽ ፊት በርቶ ግማሹ ጨለማ ይሆናል፣ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል አይታችሁታል። አያቴን በሩ አጠገብ በጎን አስቀመጥኳት፣ አነሳሁ፣ በጣም ኮራሁ፣ ሮጬ ስክሪኑን አሳየኋት። አየችው፣ አራቀችው፣ መልሳ አቀረበችው፣ ከዛ "ኧረግ ልጄ! ምን በደልሁህ፣ ይሁዳ አስመሰልኸኝሳ!" አለች።

ነገሩ የሚገባው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላደገበት ሰው ነው። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ብትሄዱ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው። ቅዱሳኑ ፊታቸውን ወደኛ አዙረው ሁለቱም ዓይናቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ክፉዎቹ ግን፣ ይሁዳ በሉት አሳዳጆቹ ወታደሮች በሉት ሰይጣን በሉት፣ በጎን ተስለው አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታያቸው። የአሣሣሉ ሕግ ነው። አያቴ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው ሥዕል ይሄ ነው፣ ስለዚህ አንድ ዓይን በጨለማ ጠፍቶ ስታይ "አርት ነው" ብትሏት አትሰማም። አስተማሪዬ ለዛ ፎቶ ከአስር ዘጠኝ ሰጠኝ፣ አያቴ ዜሮ ሰጠችኝ፣ እኔ አሁን ከአያቴ ጋር ነኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ የምሞክረው ነገር አንድ ነው፦ ሁለቱም ዓይን ይታይ፣ ፊቱ ግን እንደ መታወቂያ ፎቶ ዝርግ አይሁን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዛ የሚሄድ መንገድ ነው።

የሚያስፈልገው፦ አንድ የሚቀመጥ ሰው፣ አንድ በር፣ ዝቅ ያለ በርጩማ፣ ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት፣ እና ከረጢቱን የሚይዝ የማይነጫነጭ ልጅ። የመጨረሻው ነው የሚጠፋው።

1. በሩን ምረጡ

ስቱዲዮ ምናምን እርሱት። የገጠር ቤት መስኮቱ ትንሽ ነው ወይ ጭራሽ የለውም፣ በሩ ግን ትልቅ ነው፣ ውስጡም ጨለም ያለ ነው፣ ይሄ ለፖርትሬት ወርቅ ነው ምክንያቱም ብርሃን የሚመጣው ከአንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ እናንተ ታዙታላችሁ ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ ፀሐይዋ ራሷ በበሩ እንዳትገባ። በሩ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ከሰዓት አንሱ፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ ጠዋት። የምንፈልገው የሰማዩን ብርሃን ነው።

መብራት ካለ አጥፉት። ለምን ቢሉ አምፖሉ ቢጫ ነው የውጭው ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ሁለቱ ፊት ላይ ሲገናኙ ግማሽ ጉንጭ የታመመ ይመስላል፣ እና በኋላ በኤዲቲንግ አስተካክለዋለሁ ብላችሁ ሦስት ሰዓት ትደክማላችሁ እኔ ደክሜያለሁ።

በርጩማውን ከደፉ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስቀምጡት። አሁን የመጀመሪያው መልመጃ፦ አንድ እርምጃ ላይ አንድ ፎቶ፣ ሁለት እርምጃ ላይ አንድ፣ ሦስት፣ አራት። ሰውየው አይንቀሳቀስም ፊቱን አይቀይርም፣ የሚቀየረው ርቀቱ ብቻ ነው። ጎን ለጎን ስታዩዋቸው ትደነግጣላችሁ። በተለይ ብርሃኑ የሚገባው ከትንሽ መስኮት ከሆነ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይጠጋል፣ ዓይናችን ስለሚለምደው አናስተውለውም እንጂ። ለበሩ ስትጠጉ ፊት ይበራል ከኋላ ያለው ግድግዳ ይጨልማል፣ ስትርቁ ፊትና ግድግዳ ይቀራረባሉ። ባክግራውንዱ አስቀያሚ ከሆነ እንግዲህ ወደ በሩ ተጠጉ፣ ጨለማው ይውጠዋል።

2. ፊቱን ቀስ ብላችሁ አዙሩ

ይሄኛው ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ዋናው እሱ ነው።

መጀመሪያ አፍንጫው ቀጥታ ወደ በሩ ይሁን። እናንተ በሩ ላይ ስለምትቆሙ ብርሃኑን እንዳትጋርዱ ቁጢጥ በሉ ወይ ወደ ጎን ጠጋ በሉ። አንሱ። ፊቱ በደንብ በርቷል ግን ዝርግ ነው፣ ጉንጭና አፍንጫ የሚለያቸው ነገር የለም። አሁን ሰውየው ከነበርጩማው ትንሽ ከበሩ ዞር ይበል፣ እናንተም ከአፍንጫው ጋር አብራችሁ ዙሩ፣ ሁሌ ከአፍንጫው ፊት ለፊት። አንሱ። እንደገና ትንሽ። አንሱ። እንዲህ እያላችሁ አፍንጫው ሙሉ በሙሉ በሩን በጎን እስኪያገኝ ድረስ ሰባት ስምንት ፎቶ ይወጣችኋል።

በየፎቶው የምታዩት የአፍንጫውን ጥላ ነው። መጀመሪያ የለም፣ ከዛ ከአፍንጫው ጎን ትንሽ ይወጣል፣ ከዛ እየረዘመ ሄዶ ከጉንጩ ጥላ ጋር ይገናኛል። ልክ ሲገናኝ ከጨለማው ወገን ዓይን ስር ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን ትቀራለች። እዛ ቁሙ! እሷን ነው የምንፈልገው። ይሄን አበራር በሆላንዳዊው ሠዓሊ በሬምብራንት (ከ1606 እስከ 1669 የኖረ ነው) ስም ነው የሚጠሩት፣ ሰዎችን ሲስል ደጋግሞ ስለተጠቀመበት። ለኔ ግን ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ ፊቱ ጥላም አለው፣ ቅርጽም አለው፣ ሁለቱም ዓይን ደግሞ ይታያል። ከዚህ ትንሽ ካለፋችሁ ሦስት ማዕዘኗ ትጠፋለች፣ ይሁዳ ትገባላችሁ።

ሦስት ማዕዘኗ እምቢ ካለች ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የበርጩማው ነው። ብርሃኑ ትንሽ ከላይ መምጣት አለበት፣ በሩ ደግሞ እስከ መሬት ክፍት ስለሆነ ከታችም ይመጣል። ሰውየው ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ የበሩ የላይኛው ክፍል ከዓይኑ በላይ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ አያቴን ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀምጬ አንድ ሙሉ ጠዋት ስለፋ ዋልኩ፣ በኋላ ደክሟት ወርዳ በርጩማዋ ላይ ስትቀመጥ ራሱ መጣ።

ሌላው ዓይን ውስጥ ያለው ነጥብ ነው። ካችላይት ይሉታል፣ በሩ ዓይኑ ውስጥ ትንሽ ነጭ ሆኖ የሚታየው ነው። እሱ ከሌለ ዓይኑ የሞተ ይመስላል። ከሌለ አገጭ ትንሽ ቀና ይበል። ሴቶች ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ ወደፊት አድርገው ከተከናነቡ ነጠላው ዓይናቸውን ይጋርዳል፣ "ነጠላሽን አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ" ማለት ነው፣ ለትልቅ ሰው ደግሞ "ትንሽ ወደ ኋላ ቢያደርጉልኝ" ብላችሁ ጠይቁ እንጂ በእጃችሁ ሄዳችሁ እንዳትነኩ።

የጨለማው ወገን በጣም ከጠቆረ ከረጢቱ እዚህ ላይ ይመጣል። ነጩን የማዳበሪያ ከረጢት ልጁ ይዞ ከጨለማው ጉንጭ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ይቁም፣ ብርሃኑ ከበሩ መጥቶ እሱ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ልጁ ሲጠጋ ጥላው ይሳሳል ሲርቅ ይጠቁራል፣ እናንተ ስክሪን ላይ እያያችሁ "ቅረብ፣ ራቅ፣ እዛው" ትሉታላችሁ። በጣም ተጠግቶ ጥላውን ሙሉ በሙሉ ካጠፋው ግን መልሳችሁ ዝርግ ፊት ላይ ናችሁ። የአጎቴ ልጅ ከረጢቱን ራሱ ላይ አጥልቆ ዶሮ ሲያባርር ነው ግማሹን ጊዜ ያሳለፈው፣ ለዛ ነው ከላይ የማይነጫነጭ ልጅ ያልኩት።

3. ነጭ ነጠላ፣ ጠይም ፊት

ይሄ የኛ ሀገር ልዩ ፈተና ነው፣ የፈረንጅ ቲቶሪያል ላይ ብዙም አታገኙትም።

ካሜራም ሆነ ስልክ ፎቶው በአማካይ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ነው የሚያስተካክለው። ፍሬሙን፣ ማለትም ካሜራው የሚያየውን አራት ማዕዘን፣ ነጭ ነጠላ ከሞላው "ኧረ ይሄ በጣም በራ" ብሎ ሁሉን ያጨልመዋል፣ ነጠላው ግራጫ ይሆናል ፊቱ ደግሞ ከሰል። በተቃራኒው ደግሞ ሰውየው ትንሽ ሆኖ ዙሪያው የጨለመ ቤት ከሆነ "በጣም ጨለመ" ብሎ ያበራዋል፣ ያን ጊዜ ጉንጩ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። አንድ ሰው፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ በር፣ ግን ቀርባችሁ ስታነሱ ይጠቁራል ርቃችሁ ስታነሱ ይነጣል። ብዙ ሰው ካሜራዬ ተበላሸ የሚለው እዚህ ጋ ነው።

መፍትሔው፦ ስልክ ከሆነ ጣታችሁን ፊቱ ላይ ተጭናችሁ ያዙ፣ በአብዛኛው ስልክ ላይ ሎክ ያደርጋል፣ ከዛ የፀሐይዋን ምልክት ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ሳቡ። ካሜራ ከሆነ ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽን (ፎቶውን ማብሪያና ማጨለሚያው) ላይ ነጠላው ከበዛ ፕላስ 0.7 ጀምሩ፣ ጨለማው ከበዛ ማይነስ 0.7። ዝም ብላችሁ ቁጥር አትሸምድዱ፣ ፊቱን እያያችሁ ነው። እኔ ምርጫ ሲመጣ ፊቱን ነው የማድነው፣ ነጠላው ትንሽ ቢነጣ ግድ የለኝም፣ ግን ጥበቡ መታየት አለበት፣ ጥለቱ ከጠፋ አልፋችኋል ማለት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ሴቲንግ ሳትነኩ ፊቱን ወደ በሩ ነጠላውን ከበሩ ራቅ ማድረግ ነው፣ ትከሻ ትንሽ ወደ ውስጥ ፊት ወደ ውጭ፣ ያን ጊዜ ሁለቱ ይታረቃሉ።

በነገራችን ላይ ጠይም ፊት የሚያስቸግረው የኛ ጥፋት ሆኖ አይደለም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለላብራቶሪዎች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ለብዙ ዓመት የነበረችው ነጭ ሴት ናት፣ ሸርሊ ካርድ ይሉታል፣ ቀለሙ ልክ ነው የሚባለው የሷ ቆዳ ሲያምር ነበር። የሌላው ሰው ፊት በዛ ሚዛን ነው ሲለካ የኖረው። ስለዚህ አፑ ላይ ያለውን ፊት የሚያነጣ "ቢውቲ" የሚባል ነገር አጥፉት እባካችሁ። አያቴ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት፣ ቢውቲው ንቅሳቱን ቆሻሻ መስሎት ጠረገላት።

4. ርቀት (አፍንጫ ለምን ያብጣል?)

መልመጃው ቀላል ነው። አንዱን ፎቶ ከግማሽ ሜትር፣ አንዱን ከአንድ ሜትር ተኩል፣ አንዱን ከሦስት ሜትር አንሱ፣ ግን በሦስቱም ፎቶ ላይ ጭንቅላቱ እኩል መጠን እንዲሆን ዙም አድርጉ ወይ በኋላ ቁረጡ። የመጀመሪያው ላይ አፍንጫው ድንች ያክላል ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ሸሽተዋል። ሌንሱ አይደለም ያሳበጠው፣ ቅርበቱ ነው። ከግማሽ ሜትር ስታዩ አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ በጣም ቅርብ ነው፣ ከሦስት ሜትር ግን ልዩነቱ ምንም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ስልክ ያላችሁ ዙሙን ሁለት ኤክስ (2x) አድርጉና ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ። ካሜራ ያላችሁ 50 ሚሊሜትሯ ርካሽ ሌንስ ትበቃለች፣ በካነን ክሮፕ ካሜራ (ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራ) ላይ 80 እንደማለት ናት፣ በኒኮኑ 75። ሴቲንግ ለሚጠይቅ፦ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 2.8፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ በሰከንድ) 1/125፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400 ላይ ጀምሩና ከጨለመ አይኤስኦውን ጨምሩ። ኤፍ 1.8 ከፍታችሁ ቀርባችሁ ካነሳችሁ አንዱ ዓይን ጥርት ሌላው ብዥ ይላል፣ ያው የይሁዳ ወንድም ነው። ፎከስ ሁሌ ለካሜራው በቀረበው ዓይን ላይ።

5. ከጭንቅላቱ ኋላ ምን አለ?

ቢጫ ጀሪካን።

እውነቴን ነው፣ የመጀመሪያውን ወር ፎቶዎቼን ከፍቼ ሳይ ከአርባ ፎቶ አስራ ምናምኑ ላይ ቢጫ ጀሪካን አለ። ስታነሱ አታዩትም ምክንያቱም የምታዩት ሰውየውን ነው፣ ፎቶውን የሚያየው ሰው ግን መጀመሪያ የሚያየው ጀሪካኑን ነው፣ ፍሬሙ ውስጥ ካለው ሁሉ ደማቁ እሱ ስለሆነ። አሁን ከመጫኔ በፊት ዓይኔን በፍሬሙ አራት ጠርዝ አንድ ዙር አዞራለሁ፣ ሁለት ሰከንድ ነው የሚወስደው።

ውጭ ስትወጡ ደግሞ ባህር ዛፍ። ጎጃም ውስጥ ባህር ዛፍ የሌለበት ባክግራውንድ ፈልጋችሁ አታገኙም እና ሰው ጭንቅላት ላይ ይበቅላል። ባህር ዳር ደግሞ ዘንባባው ነው፣ ጣና ዳር የሚነሱ ሙሽሮችን ፎቶ ብትሰበስቡ ግማሾቹ ሙሽሮች ዘንባባ አናታቸው ላይ በቅሏል። የሚፈታው በአንድ እርምጃ ነው፣ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ፣ ወይ ትንሽ ዝቅ ብሎ። አጥር ደግሞ አንገት ላይ እንዳያልፍ፣ አንገቱን የታረደ ያስመስላል፣ አጥሩን ወይ ከትከሻ በታች ወይ ከጭንቅላት በላይ አድርጉት።

ባክግራውንድ ጨርሶ ከጠፋ ጨርቅ ስቀሉ። ሴይዱ ኬይታ የሚባለው የማሊ ፎቶግራፈር በ1948 ባማኮ ላይ ስቱዲዮ ከፍቶ ግቢው ውስጥ በቀን ብርሃን ነበር የሚያነሳው፣ ከኋላ መጀመሪያ የሰቀለው የራሱን የአልጋ ልብስ ነበር። ዛሬ እነዛ ፎቶዎች በዓለም ሙዚየሞች ነው ያሉት። ስለዚህ ጋቢ መስቀል አያሳፍርም።

6. የት ይቀመጥ፣ የት ይቆረጥ

ግሪዱን አብሩት። ስልክ ሴቲንግ ውስጥ አለ፣ ስክሪኑን ወደ ላይም ወደ ጎንም ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። ዓይን የላይኛው መስመር አካባቢ፣ ሰውየው መስመሮቹ ከሚገናኙበት አንዱ ላይ፣ የሚያይበት አቅጣጫ ደግሞ ክፍት ይሁን። ሕግ ነው ማለት አይደለም፣ ቀጥታ ወደ ካሜራ የሚያይ ሰው መሀል ላይ ቢሆን ያምራል፣ ቅዱሳኑም መሀል ላይ ናቸው። ግን መልመጃ እስከሆነ ድረስ አንድ ቀን ሙሉ መሀል ላይ ሳታስቀምጡ ዋሉ፣ ያስተምራል።

ክፍት ቦታ የሚለውን የገባኝ በፈረስ ነው። ጥር 23 እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ሄጄ ፈረሰኛ ሲጋልብ ሳነሳ ዋልኩ፣ ማታ ስከፍተው የፈረሶቹ አፍንጫ ሁሉ የፍሬሙ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል፣ ግድግዳ የሚገጩ ነው የሚመስሉት፣ ከኋላቸው ደግሞ ባዶ አቧራ። ፈረስ ከፊቱ ሜዳ ያስፈልገዋል። ሰውም ወደ ጎን ሲያይ እንደዛው ነው።

ኮምፖዚሽን ብቻ መለማመድ ለሚፈልግ ጣና ዳር ይሄን ይሞክር፦ አንድ ቦታ ቁሙ፣ እግራችሁን ሳታነሱ 36 ፎቶ አንሱ፣ ከዛ በላይ የለም፣ ድሮ አንድ የፊልም ጥቅልል 36 ስለነበር ነው ቁጥሩ። ታንኳ እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ፣ የውሃውን መስመር አንዴ ላይ አንዴ ታች ታደርጋላችሁ፣ ታንኳው ወደ ፍሬሙ ሲገባና ከፍሬሙ ሲወጣ ታነሳላችሁ፣ ሃያ አካባቢ ስትደርሱ ይሰለቻችኋል፣ መሄድ ያምራችኋል፣ ግን እግር ስለታሰረ ዓይን መሥራት ይጀምራል እና እኔ ጥሩ ያልኳቸው ሁሉ ከሃያ አምስት በኋላ የመጡ ናቸው። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ወይ ማታ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ሂዱ። ማታ ግን ቀድማችሁ ድረሱ፣ ባህር ዳር ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ነው የምትርቀው፣ ፀሐይ ቁልቁል ነው የምትወርደው፣ ከጠለቀች በኋላ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው ብርሃን የምታገኙት። እኩለ ቀን ላይ የሰው ፊት ውጭ አታንሱ፣ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፣ በተለይ ሚያዝያ ላይ ፀሐይዋ ልክ አናት ላይ ናት። ክረምት ግን ሙሉ ቀን አንሱ፣ ደመናው ራሱ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል።

መቁረጥን በተመለከተ፦ መገጣጠሚያ ላይ አትቁረጡ። ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ የእጅ አንጓ፣ ክርን፣ እነዚህ ላይ ፍሬሙ ካለቀ ሰውየው አካሉ የጎደለ ይመስላል። ከጭን መሀል፣ ከወገብ፣ ከደረት ቁረጡ። ይሄ የክፍሉ ሕግ ነው። የሀገሩ ሕግ ደግሞ ሌላ ነው፣ ትልልቅ ሰዎች ጭራሽ መቆረጥ አይወዱም፣ ፎቶ ማለት ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሙሉ ቁመት አንስታችሁ አስደስቷቸው፣ ከዛ የራሳችሁን አንሱ።

7. እጅ

እኛ ሀገር ሰው ካሜራ ሲያይ ቀጥ ይላል። እጁ ጎኑ ላይ፣ አገጩ ወደ ውስጥ፣ ሳቅ የለም፣ ለባንዲራ የተሰለፈ ይመስላል። "ፈታ በል" ብትሉት ይብሳል። እጁን ሥራ ስጡት።

ከአያቴ ቤት ጎረቤት አንድ አባት አሉ፣ አረንጓዴ ቁምጣቸውን ለብሰው ሊነሱ መጡና ያው ቀጥ አሉ። አስር ፎቶ ባከነ። ኋላ ላይ "በሉ በቃ ጨረስን" አልኳቸው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሁለት እጃቸውን ዱላው ላይ ሰቅለው ዞር ብለው "መቼ ነው የምታመጣው?" ሲሉኝ አነሳኋቸው። እሷ ናት ፎቷቸው። አሁን ሆን ብዬ ነው "ጨረስን" የምለው።

አያቴ ጥጥ ስትፈትል ነው የምትፈታው። እንዝርቷን ጭኗ ላይ ሸርተት አድርጋ ታሽከረክርና ትለቃታለች፣ በሌላው እጇ ባዘቶውን ወደ ላይ እየሳበች ክሩ ይቀጥናል፣ ዓይኗ ክሩን ይከተላል፣ አፏ ደግሞ ወሬውን አያቆምም። እዚህ ላይ ሹተር ተለማመዱ፦ 1/500 ላይ እንዝርቷ የቆመች ትመስላለች፣ ክሩ ይቆጠራል፣ 1/30 ላይ እንዝርቷ ጭስ ትሆናለች ፊቷ ግን ጥርት ይላል፣ ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ትንፋሽ ከያዛችሁ። በስልክ ፕሮ ሞድ ላይ ይሄ ይሠራል። ለኔ ሁለተኛው ነው የሚያምረኝ፣ የክፍል ጓደኞቼ የመጀመሪያውን ነው የመረጡት፣ እንግዲህ።

እና ጠይቁ። ገበያም ይሁን ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፣ ሳታስፈቅዱ ሰው ፊት ላይ ካሜራ አትደግኑ። መቅደስ ውስጥ ሥዕል ለማንሳት ከተፈቀደላችሁ ደግሞ ፍላሽ አጥፉ። ዘጌ ሄጄ ሥዕሎቹን ሳይ ከማንሳት ይልቅ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አየሁ፣ ሙሉ ፊት፣ ትንሽ ዞር ያለ፣ በጎን። ስለ አበራር የተማርኩት ሁሉ እዛ ግድግዳ ላይ ያለ መሰለኝ።

8. ምርጫና ማተም

ከመቶ ፎቶ አምስት አስቀሩ፣ በማግስቱ ከአምስቱ አንድ። በዛው ቀን አትምረጡ፣ ድካማችሁን ነው የምትመርጡት። ከዛ አሳትሙ። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ለአያቴ ፎቶ አይደለም፣ "መብራቱ ሲጠፋ የት ይገባል?" ነው የምትለው። ፎቶ ቤት ስትልኩት በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፋይል ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፣ ሲታተም ይሻክራል። እና ስክሪናችሁ ላይ ከሚታየው ትንሽ አብርታችሁ ላኩ፣ ወረቀት ራሱ ስለማያበራ ጠይም ፊት ላይ ጠቆር ብሎ ነው የሚወጣው። የመጀመሪያው ህትመቴ ላይ የጨለማው ወገን ዓይን ጭራሽ ጠፍቶ መጣ፣ ከስንት ድካም በኋላ መልሼ ይሁዳ! እንደገና አሳተምኩ።

ሁለተኛውን ባለፈው ቅዳሜ ወሰድኩላት። ያችን በበርጩማ የመጣችውን፣ ሦስት ማዕዘን ያላትን፣ ሁለቱም ዓይን ውስጥ በሩ የሚታይባትን። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ፣ ወደ በሩ ይዛ ሄደች (ብርሃን ፍለጋ መሄዷን ልብ በሉልኝ)፣ ብዙ አየችው። ዓይኖቹን በጣቷ አንድ፣ ሁለት ብላ ነካቻቸው። ከዛ ፎቶውን ገልብጣ ጀርባውን አየችና፣

"ጥሩ ነው ልጄ፣ እሽ ይሁን። እግሬንስ የት አደረስኸው?"